ግማሽ ደረጃ

ዶክተር ሻዕባን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰው ተቆጥተው አያውቁም። ዓፊያ አብራቸው በሠራችባቸው አራት ዓመታት አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማችም፤ እንጀራዋን በቆረጡባት ቀን እንኳ።

አሶሳ ላይ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ከሜንጌ ወዲያ ካሉት የበርታ መንደሮች ወጥቶ ዶክተር የተባለ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ሕንድ አገር ስድስት ዓመት ተምረው ሲመለሱ በሻንጣቸው ይዘው የመጡት ልብስና ጫማ ሳይሆን በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል የከረንት ማጉያ ነው። ዶክትሬታቸውን ያገኙት በእሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጉያው በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ማንም ሳይነካው አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጧል።

አውጥተው ለዓፊያ ሲሰጧት ማስተርሷን ከአዲስ አበባ ይዛ ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነበር። የትውልድ መንደራቸው አንድ ነው። አባቷ የሞተው እሷ በእግሯ ሳትቆም ስለሆነ፣ ለትምህርት ዋስ በተፈለገ ቁጥር፣ ፎርም ላይ የሚፈርም በጠፋ ቁጥር፣ እናቷ ጣሂራ ልጇን እየጎተተች የምትመጣው ወደ እሳቸው ነበር። አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረው አልመለሷትም። ጣሂራ ከሶላት በኋላ ዱዓ ስታደርግ ከሟች ባሏ ቀጥላ የምትጠራው ስም የሻዕባን ነው።

"ከእኔ በኋላ የሚነካው ሰው ስጠብቅ ነበር" አሏት ዶክተሩ በበርታ ቋንቋ፣ ጨርቁን እየገፈፉ።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። እንደ ፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ በሁለት በኩል ተይዞ በጣም በዝግታ ይሳባል። ሊበጠስ ሲል አንገቱ እየመነመነ ሄዶ በስተመጨረሻ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኛቸው አንድ አቶም ብቻ ይሆናል። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች በዚያች ቅጽበት ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እንደ ቧንቧ ውኃ እየሳሳ አይቆምም፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዱብ ዱብ እያለ ነው የሚወርደው። ኤሌክትሮን በዚያ ጥበት ውስጥ እንደ ሞገድ ስለሚሄድ ሲከፈትለት ሙሉ በር ነው፤ ሲዘጋበትም ሙሉ በር። የአንዱ ደረጃ ቁመት ቶኪዮም ተለካ አሶሳም ያው ነው።

ወርቁን ከውጭ ማስመጣት ዓመት ስለሚፈጅ ጣሂራ ከጅረት አሸዋ አጥባ ካወጣችው ላይ ሰጠቻት። ከተማ ያለ አንጥረኛ በብረት ቀዳዳ ደጋግሞ እየሳበ አቀጠነላት። ሽቦውን የሚጎትተው ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ስፒከር ነበር። መብራት ስለሚወላውል ሁሉን ነገር በመኪና ባትሪ አስነሳችው። የውኃ ቦቴ በግቢው ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ስለሚርድ መሣሪያውን በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ አስቀመጠችው። ስምንት ወር ለፋች። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከረንቱን በስክሪን የሚያሳየው የኦሲሎስኮፑ መስመር ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ ወርዶ ዜሮ ላይ ተኛ። ዓፊያ ብቻዋን ነበረች። ቁጥሩን በስልኳ ደግማ አሰላችው፤ የፊዚክስ መጽሐፉ ከሚለው እምብዛም አይለይም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዶክተር ሻዕባንን ዶክተር ያሰኛቸው ግን ሙሉው ደረጃ አይደለም፤ እሱን ዓለም ካወቀው ቆይቷል። እሳቸው ከመጨረሻው ደረጃ በታች ሌላ ግማሽ ደረጃ አይቻለሁ ብለው ነው የጻፉት። በወርቅ ላይ፣ እንዲህ በተራ ክፍል ሙቀት፣ ያን ያየ ሌላ ሰው የለም። ዓፊያ አንድ ቀን የማጉያውን የማጉላት ኃይል የሚቀይረውን ቁልፍ ሦስተኛው እርከን ላይ አድርጋ ስትለካ ግማሹ ደረጃ ፊቷ ላይ ቁጭ አለ። እየሮጠች ሄዳ ነገረቻቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ደስታው ሁለት ሳምንት አልቆየም። ወርቅ አንድ ዓይነት አበጣጠስ የለውም። መቶ ጊዜ ቢሳብ መቶ ጊዜ ይለያያል፤ አንዱ ደረጃ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይዘለላል። ግማሹ ደረጃ ግን በመቶውም ሽቦ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ይመጣል። ይሄ ነገር ከነከናት። አንድ ሐሙስ ወርቁን ጨርሳ አወጣችና በቦታው ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ የድምፅ መቆጣጠሪያ አስገባች። እሱ ደረጃ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲዞር ከረንቱ ለስለስ ብሎ መውረድ ነው ያለበት። አዞረችው። መስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወርቅ በሌለበት የወርቁ ግኝት ተገኘ።

ሦስት ቀን ደጋገመችው። ጥፋቱ የማጉያው ነበር፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ሲሆን በዚያች ነጥብ ነክሶ መስመሩን ያስቆማል። የዶክተሩ ዶክትሬት፣ የመንደሩ ሁሉ ኩራት፣ የቆመው በዚያች ንክሻ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ዝም ይላል ወይ ለሌላ ያወራል። ዓፊያ ግን እንደ አባት የምታያቸውን ሰው ሌላ ሳይቀድማት እሷ ብትነግራቸው ይሻላል ብላ አሰበች። ሰኞ ከቀትር በፊት ቢሯቸው ገብታ በሩን ዘጋች። አንገቷን ደፍታ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል፣ በበርታ ነገረቻቸው። እሳቸው አላቋረጧትም። ስትጨርስ ሌላ ያየ ሰው እንዳለ ጠየቋት። የለም አለች። የት እንደጻፈችው ጠየቋት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለች። አምጪው አሏት፤ አመጣችው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡት።

"ጎበዝ" አሏት። "እኔ በአንቺ ዕድሜ ይሄ አልታየኝም።"

ደብተሩን መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ነገሩን ራሳቸው እንደሚያስተካክሉት፣ ለጊዜው ለእሳቸው እንድትተውላቸው ለመኗት። ዓፊያ እያመሰገነች ወጣች። ከእሳቸው ምን ልትደብቅ፣ የደብተሩን ግልባጭ እንኳ አላስቀረችም።

ከዚያ ወዲህ ደግነታቸው ባሰ። የማስተማሪያ ሰዓት ቀነሱላት፤ አዲስ ወንበር አስገቡላት። በየሳምንቱ የሚፈረም ወረቀት ይልኩላታል፤ የዕቃ መጠየቂያ፣ የፈቃድ ፎርም፣ የቤተ ሙከራ ደንብ። ዓፊያ ከእሳቸው የመጣ ወረቀት አንብባ ፈርማ አታውቅም።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቦ አየች። ሲያዩዋት አጨበጨቡ። ሰሌዳው ላይ በውጭ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ተለጥፏል። በአሶሳ የተፈጥሮ ወርቅ ግማሹ ደረጃ ዳግም ተረጋገጠ ይላል። የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው፤ የመጨረሻው የሻዕባን። ምስሎቹ ሁሉ ከኮምፒውተሯ የተወሰዱ የራሷ ልኬቶች ናቸው፤ ሁሉም ሦስተኛው እርከን ላይ የተለኩ።

ለእናቷ ደወለች። ዶክተሩ ቀድመዋት ነበር። ጽሑፉን በመስታወት አስከብበው፣ በግ አስጭነው፣ ትናንት መንደሩ ድረስ ራሳቸው ወስደውላታል። በስልኩ ውስጥ ከበሮና እልልታ ይሰማል። ጣሂራ ለመንደሩ ደገኛ መምህራን በምትችለው አማርኛ "ልጄ ስሙ ፊት ነው፤ የዶክተር ኋላ ነው" ስትል ሰማቻት።

ቢሯቸው ስትገባ ቆመው ተቀበሏት።

"ዶክተር፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው" አለች።

"የማን ውሸት?"

ዓፊያ በእጇ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል አመለከተች።

"ልኬቱ ያንቺ ነው፤ ለመጽሔቱ የተላከው ፊርማም ያንቺ ነው" አሏት። "እኔ መጨረሻ ላይ የገባሁት አስተማሪሽ ስለሆንኩ ብቻ ነው።"

ደብተሬስ አለች። የቱ ደብተር አሏት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቀርቶ ቅሬታ እንኳ አልነበረም። ሻይ እንዲመጣላት አዘዙ። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

"እናትሽ አሁን አገሩን ሰብስባ እያበላች ነው። ደውዪና ውሸት ነው በያት። እኔ አልከለክልሽም።"

ዓፊያ ስልኩን አላነሳችውም። ሻዩን ጠጥታ ወጣች።

ዓመት ሙሉ ዝም አለች። በኋላ ሰው ሲጠይቃት ስለ እናቴ ብዬ ነው ትላለች፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን የሚያውቃት ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ደስ ያሰኛት ጊዜም ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በዓመቱ ኮሪያ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ለዶክትሬት አጫት። ያጯት በዚያ ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃለች። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ። ጠያቂዋ ሽበታቸው የበዛ ፕሮፌሰር ነበሩ። ስለ ስፒከሩና ስለ ከመነዳሪው ስታወራላቸው ከልባቸው ሳቁ። ወደዷት። ከዚያ ግማሹን ደረጃ እንዴት እንዳረጋገጠችው ጠየቋት። መልሱ ቀላል ነበር፤ ጽሑፉ ላይ ያለውን መድገም ብቻ። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ግማሽ ደረጃ የለም። የማጉያው ስሕተት ነው" አለች።

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አነሡ። ከመታተሙ በፊት ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አውቅ ነበር አለች። ከታተመ በኋላ ለመጽሔቱ ጽፋ እንደሆነ ጠየቋት። አልጻፍኩም አለች። ስለ እውነቷ አመሰገኗት፤ ይህን ሰምተው ግን ዝም ማለት እንደማይችሉ ነገሯት። ብዙም ሳይቆይ መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘና ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ዶክተር ሻዕባን አልከሰሷትም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ልጅ ናት፤ ለዝና ቸኩላ ነው፤ ሳላጣራ ያመንኳት ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። ዓፊያ ማጉያው ይምጣና እዚሁ ላሳያችሁ ብላ ለመነች። ሰብሳቢው የተሰበሰብነው ለዲሲፕሊን እንጂ ለፊዚክስ ፈተና አይደለም አላት። ደብተሯን ጠየቀች። እንዲህ ያለ ደብተር በንብረት መዝገብ የለም ተባለች። በመጨረሻ ለመጽሔቱ የተላከውን ወረቀት አሳይተው ፊርማሽ ነው ወይስ አይደለም አሏት። ፊርማዋ ነበር።

ተባረረች። ከዚያ አልፎ በፍርድ ቤት እንዳትከሰስ ዶክተሩ ለኮሚቴው የሽምግልና ሐሳብ አቀረቡ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንዱ የእናቷ ወንድም ዐወድ ነበር። ጣሂራ የዒድ ልብሷን ለብሳ ከሜንጌ በጠዋት ተሳፍራ መጣች። ዓፊያ እናቷን ከግቢው በር ሳትገባ ይዛ፣ ስለ ማጉያው፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ፊርማው በጥድፊያ ነገረቻት። ጣሂራ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"እሱን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ" አለቻት። "ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። አንቺን ግን ልጅ ሳለሽ ስኳር በልተሽ አፍሽን ሳትጠርጊ ስትክጂ አይቼሻለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ከዓፊያ የፈለጉት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የዶክተሩን እጅ ያዘች። እጃቸው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ጣሂራ ከኋላዋ ሆና በጀርባዋ ገፋ አደረገቻት።

"ዋሽቻለሁ" አለች ዓፊያ። "አውፍ በሉኝ።"

አልተሰማም አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ ጆሯቸው ይደክማል። ደገመችው።

ዶክተር ሻዕባን አውፍ ብያለሁ አሉና አነሷት። ምሳ ቀረበ። ከፊታቸው የተሻለውን ሥጋ መርጠው ወደ እሷ በኩል አስጠጉላት። እናቷ እያየቻት ስለነበር በላችው።

የቀራት ንብረት ማስረከብ ነበር፤ አንድ ሳምንት። ተረካቢዋ ስርጉት ትባላለች። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው፤ እዚሁ ተወልዳ እንኳ አነጋገሯ ወሎ ወሎ ይላል። ጎበዝ ናት፤ ነጭ ጋውኗ ከመሳቢያ እንደወጣ የተተኮሰ ነው። ስለ ዓፊያ የተነገራትን ሁሉ አምና ነው የመጣችው። የወርቅ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ እያነሳች ተረከበች፤ ዓፊያ ለሻይ ስትወጣ ቁም ሣጥኑን ትቆልፋለች። ስትጠይቅ የምትጠይቀው መሣሪያውን ብቻ ነው፤ ቀና ብላ ፊቷን አታያትም። ዓፊያ ግን የምታውቀውን ሁሉ አሳየቻት፤ ስፒከሩን እንዴት እንደምታዘገየው፣ ቦቴው የሚመጣበትን ሰዓት፣ ባትሪው ሲደክም መስመሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ። ስለ ሦስተኛው እርከን ምንም አላለችም። ብትናገር ማን ያምናታል?

ዐርብ ረፋድ ላይ ስርጉት ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ወርቅ የለም፤ በቦታው አንድ ተራ ሬዚስተር፣ በእጅ እየዞረ ከረንት የሚገድብ፣ ተሰክቷል። መስመሩ ግማሹ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጅቷ በአምስት ቀን ደርሳበት ነበር።

"ማጉያው ነው" አለች ስርጉት፤ ዓይኖቿ በርተዋል። "ቀላል እኮ ነው፤ ወርቁን አውጥቶ ማየት። ይሄን አንድ ቀን ብትሞክሪው ኖሮ እዚህ ባልደረስሽ።"

ዓፊያ ሬዚስተሩን አየች። ነገሩን ሁሉ ልትነግራት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ስርጉት ግን ምላሽ አልጠበቀችም፤ ደብተሯን እየገለጠች ልኬቱን በቀለም ትጽፋለች፤ ቀንና ሰዓት ትሞላለች።

"ለዶክተሩ ልንገራቸው እንዴ?" አለች። "ቅር ይላቸው ይሆን?"

እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚባል ዓፊያ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ሌላ ያየ ሰው አለ? የት ጻፍሽው? ጎበዝ። ልጅቷን ለማዳን አትንገሪያቸው ማለት ይበቃ ነበር። የተተኮሰውን ጋውን፣ በአንገቷ የተንጠለጠለውን የቁም ሣጥን ቁልፍ አየች።

"ንገሪያቸው" አለች። "ደስ ይላቸዋል። ደብተርሽንም ይዘሽላቸው ሂጂ።"

ስርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ አመሰገነቻት። ዓፊያ የመጨረሻውን የርክክብ ቅጽ ፈርማ በዋናው በር ወጣች።

ባምባሲ ያለ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ጅረኛ የሚባል፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይጠይቃት ቀጠራት፤ የፊዚክስ መምህር አጥቶ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በኦሮምኛ እየተንሾካሾኩ ይስቁባታል፤ ከዚያ ለመዷት። ለእናቷ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ ዝናብና ስለ ጤና ያወራሉ፤ ጣሂራ ዶክተሩ ሰላም ብሎሻል ማለትን አትረሳም።

በስምንተኛው ወር ስርጉት በዕረፍት ሰዓት መጣች። ዓፊያ ከሩቅ ስታያት አላወቀቻትም፤ ከስታለች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የውኃ ሮቶው አጠገብ ቆሙ።

"ታውቂ ነበር?" አለች ስርጉት።

"አውቅ ነበር።"

ለዓፊያ ስርጉት ተንበርክካ የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ግን አላለቀሰችም። ረጋ ብላ ነገረቻት። ደብተሩን ወስደው ቆልፈውበታል። የተሰረዘው ጽሑፍ በድሮው ግኝታቸው ላይ ጥርጣሬ ስላመጣ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ስም ዳግም መረጋገጥ ነበረበት። ታናሽ ወንድሟን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አስቀጥረውላታል፤ አባቷ ሄዶ መርቋቸዋል። በስሟ የተጻፈው አዲስ ጽሑፍ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ገና አልታተመም።

"ሁለታችን አንድ ላይ ለመጽሔቱ ብንጽፍ ያቆሙታል" አለች። "ብቻዬን ብጽፍ ያንቺው ዕጣ ነው የሚደርሰኝ። ሁለት ሰው አንድ ነገር ካየ ግን መስማታቸው አይቀርም። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፤ ስምሽን ብቻ ነው የምፈልገው።"

ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። አንድ ገጽ ነው። ዓፊያ አነበበችው፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው። ሁሉም እውነት ነበር፤ የእሷም እውነት እዚያው ውስጥ አለ። ብትፈርም ስሟ ሊነሣ ይችል ነበር። እናቷ ምንጣፉ ላይ ጀርባዋን የገፋችበትን እጅ አሰበች። በአምስት ቀን የደረሰችበትን ልጅ አሰበች።

"እኔ ውሸታም ነኝ" አለች፣ ወረቀቱን አጥፋ እየመለሰችላት። "በሦስት ሽማግሌ ፊት ብያለሁ። የውሸታም ፊርማ ምን ያደርግልሻል?"

ደወል ተደወለ። ዓፊያ ክፍል ገብታ ለዘጠነኛ «ለ» ክፍል ሬዚስተር በተከታታይ ሲገናኝ እንዴት እንደሚደመር አስተማረች። በመስኮቱ በኩል ስርጉት ወረቀቱን እንደያዘች ሮቶው አጠገብ ቆማ ትታያለች። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ አልነበረችም።

ጽሑፉ በተባለው ሳምንት ወጣ። የስርጉት ስም ፊት ነው።